የምንጩ ማሳ ምስክር

ጥር 20

ውርጩ ዛሬም ሜዳውን ነጭ አድርጎት አደረ። ዘጠኙም በጎች ደህና ናቸው። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ስፈትል ዋልኩ። ኪኒኔን ጧት በበሶ ዋጥኩ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሲስተር ሲና ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። «እትዬ የትምወርቅ፣ ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ ያዩትን፣ በቀኝ የመሰለዎትን ይጻፉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው በሽታው የሚበረታብዎት» አለችኝ። ማን ያነበዋል? አልኳት። «ማንም።» ማንም? እሺ...

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ልጄ ጽናት አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ፣ እሷ በግ ስትጠብቅ እኔ ደብተሯን ይዤ እቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ውዳሴ ማርያም፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የመድኃኒት ወረቀት።

በግራ፦ ትዕዛዙ መጣ። የሟቹ ባሌ የወዳጆ ታናሽ ወንድም ነው። ጠላ ቀዳሁለት። «እትዬ፣ የመሬት ደብተሩን የት ነው ያስቀመጥሽው?» አለ። ምን ልታደርገው? «ኧረ ምንም። አይጥ እንዳይበላው ብዬ ነው።»

በቀኝ፦ አይጡ ራሱ ነው።

የጓዳው ሰውዬ ጥቂት ተናገረ። ድምፁን እንዲህ ብዬ ነው የምጠራው፣ ከጓዳ በኩል ስለሚመጣ። ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ገብቼም አይቻለሁ፣ ከጋኖቹ በቀር ምንም የለም። ወዳጆ ከሞተ ጀምሮ፣ አራት ዓመት፣ የሚለው አንድ ቃል ነው። «ታውቋል።» ምኑ? ... እሱንስ እኔም አውቀዋለሁ።

ጥር 26

ጎረቤቴ ተሾመች ትኩስ የገብስ ዳቦ ይዛ መጣች። ለምን ዛሬ? ትናንት በገበያ መንገድ ከትዕዛዙ ጋር ቆማ ስታወራ አይቻታለሁ።

መጀመሪያ ለውሻው ቆረስኩለት። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ውሻው በላ፣ ጅራቱን ቆላ፣ ድገሚኝ አለ።

ተሾመች ለካ አልሄደችም፣ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። «በይ እንግዲህ አንቺም ቅመሽ፣ ውሻው ሳይጨርሰው» አለችኝ። አልተቆጣችም።

ለምን አልተቆጣችም?

የካቲት 11

ዛሬ ጓሳ፣ የአገሩ የጋራ የሣር መሬት፣ ተከፈተ። ሣሩ አራት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ እስከ ጉልበት ደርሷል። ማንም ሰው ከቀኑ በፊት ማጭድ አያሳርፍበትም፣ ይህ የአባቶቻችን ደንብ ነው። በመክፈቻው ቀን የየቤቱ አባወራና እማወራ ስም ይጠራል። የተጠራ ገብቶ ድርሻውን ያጭዳል። ያልተጠራ ከዳር ይቆማል።

ጣራዬ ዘንድሮ ካልተከደነ ክረምቱን አይችለውም። ማጭዴን ስዬ ገና ሳይነጋ ወጣሁ። ስም ጠሪው ጋሼ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ሃያ ዘጠኝ... ሠላሳ... ሠላሳ አንድ... ሁሉም ተጠራ፣ ሁሉም ገባ። የእኔ ስም አልተጠራም።

ጆሮዬ ይሆን? ጆሮዬን አላምነውም። ያልተባለውን ሲያሰማኝ አራት ዓመቱ፣ የተባለውን ቢደብቀኝስ ምን ይገርማል?

ቀርቤ ጠየቅኳቸው። «አንቺማ በትዕዛዙ ስር ነሽ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ወረቀቱን ያሳዩኝ።»

«ታነቢያለሽ እንዴ?»

«አነባለሁ።»

ሰጡኝ። ጆሮዬን ባላምን ዓይኔን አምናለሁ። «የትምወርቅ፣ የወዳጆ ባለቤት የነበረች። ሞግዚት፦ ትዕዛዙ።» ሞግዚት ለሕፃን ነው የማውቀው። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

ከኋላዬ አንዷ «የሷ የሚያፈስ ጣራ በሣር አይከደንም!» ብላ ግንባሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ፣ ምን ላድርግ?

ተሾመች ከድርሻዋ ሁለት ሸክም ልስጥሽ አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ማን ልኳት ነው?

የካቲት 13

ቀበሌ ሄድኩ። የመሬት ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ አፈወርቅ ናቸው። ዝምተኛ ሰው። ፋይሉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉልኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለምን ዞሩ?

ማመልከቻ ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ። «የአእምሮ ሁኔታዋ ንብረቷን ለማስተዳደር ስለማያስችላት መሬቷን በሞግዚትነት እንድንይዝላት...» ኮሚቴው መጋቢት 11 ቀን ምስክር ይሰማል፣ የሰማውን ለፍርድ ቤት ይልካል። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀው መሬቱም በጎቹም በትዕዛዙ እጅ ናቸው። እኔም ጭምር። የጓሳው ወረቀት ግን ገና ሳይወሰን ሞግዚት ብሎ ጽፎታል።

አመልካቾች፦ አንደኛ ትዕዛዙ። ሁለተኛ ጽናት ወዳጆ።

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ተሾመችን ጠርጥሬያለሁ። ሲስተር ሲናን ጠርጥሬያለሁ። ጋሼ ወልደ ጻድቅንም፣ ዳቦውንም። ያልጠረጠርኩት አንድ ሰው ቢኖር ልጄን ነበር።

የካቲት 14

እንግዲህ ይጻፍ። ማንም አያነበውም ተብያለሁ።

ወዳጆ ታላቅ እኅት ነበረችው። ወለተ ኢየሱስ። እኛ ወለቴ እንላታለን። በሰማንያ ዘጠኝ፣ በመሬት ድልድሉ ዓመት፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ናት ተብላ የምንጩ ማሳ ደረሳት። ከአገሩ ሁሉ የተሻለው ማሳ። ያን ጊዜ ወለቴ ታማ ነበር። ብቻዋን ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን ነጠላዋን ጥላ ትወጣለች። ከዚያ ያለፈ ክፉ አልነበራትም። እኔን ሙሽራዋን ገብስ መፈተግ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ወዳጆና ትዕዛዙ «ለሰው አደጋ ናት፣ መሬት አይገባትም» ብለው ለኮሚቴው አመለከቱ። ምስክር ተፈለገ። አብሬያት የምውል እኔ ነኝ። ወዳጆ የምለውን ነገረኝ፣ እኔም አልኩት። «ቤቱን አቃጥላለሁ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አላለችም። አንድም ቀን አላለችም።

ማሳው ለሁለት ተከፈለ። ታችኛው ለወዳጆ፣ ላይኛው ለትዕዛዙ። ወለቴን ከጓሳ ማዶ ወዳለው ገዳም ጠበል ወሰዷት። በሰንሰለት። በቅሎዋን የሳብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሄጄ አላየኋትም። ሃያ ስምንት ዓመት።

ለንስሐ አባቴ ለአባ መርስዔ ኃዘን ተናግሬያለሁ። ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ። ቆይተው ደግሞ «ለእግዚአብሔር የሰገድሽውን ሰገድሽ፣ የሰውን ለሰው መቼ ነው የምትመልሺው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስሸሻቸው ኖርኩ።

ስታመም አልገረመኝም። የወለቴ እንባ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ሲስተር ሲና ግን ትቆጣለች። «በሽታ የቅጣት ደብዳቤ አይደለም እትዬ» ትላለች። ልጅ ናት። ምን ታውቃለች?

የካቲት 20

ዘመሮ ከተማ ወረድኩ። ጽናት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። ማመልከቻውን የጻፈችው ራሷ ናት፣ በዚያው ማሽን። ስታየኝ ቆመች፣ ደንበኛዋን ረስታ።

«እማዬ፣ ኪኒንሽን ውጠሻል?»

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህን ነው።

«ስምሽን አየሁት» አልኳት።

አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች። «አጎቴ መሬቱን ይጠብቅልሻል ብሎኝ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው! ባለፈው ሰኔ ያደረግሽውን ረሳሽው?»

አልረሳሁም። ባለፈው ሰኔ ኪኒን አቁሜ ነበር። መንገድ ዘግተው የሚፈትሹት ታጣቂዎች ጋ ሄጄ «ጓዳዬ ሰው ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ» ብዬ ጮህኩባቸው። ሰላይ ናት አሉ። ማን እንደላከኝ ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቁኝ፣ በጥፊም ጭምር። ጽናት ከዘመሮ በእግሯ መጥታ ጫማቸው ላይ ወደቀች። እብድ ናት፣ እባካችሁ፣ እብድ ናት... እያለች ነው ያስለቀቀችኝ።

«የዚያን ቀን ቃሉ አዳነሽ» አለችኝ። «አሁን ነው የመረረሽ?»

እውነቷን ነው። ከእኔ ጋር አብሮ የታሰረው ጤነኛ ሰው ነበር። እሱን አለቀቁትም።

ልትሸኘኝ ወጣች። ለትዕዛዙ ለምን አመንሽው? አልኳት። «እሱ ቢያንስ አይጠረጥረኝም» አለች።

መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ።

መጋቢት 3

ከኪኒኑ ጋር የምወጋው መርፌ ቀኑ ዛሬ ነበር። የለም። መንገዱ ተዘግቶ የመድኃኒቱ መኪና ደብረ ብርሃን ቆሟል አለች ሲስተር ሲና። እስከዚያ ብላ ኪኒን ጨመረችልኝ። የእኔ ቢጫ ነበር። ይህ ነጭ ነው።

ቀለሙን ማን ቀየረው?

ፊቴን አይታ ገባት። ሁለቱንም ማሸጊያ ጎን ለጎን አድርጋ «ያንብቡ» አለችኝ። አነበብኩ። ስሙ አንድ ነው፣ ፋብሪካው ሌላ። ... ማሸጊያ ግን ይታተማል። ማንም ማሳተም ይችላል።

«መጋቢት አሥራ አንድ ቀን መጥቼ እመሰክርልዎታለሁ» አለችኝ። «ኪኒንዎን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ረጋ ብለው ይመልሱ፣ ሌላ ነገር አይጨምሩ። ያኔ ማንም መሬትዎን አይነካም።»

ሌላ ነገር አይጨምሩ። ለምን እንዲህ አለች? ምን ታውቃለች?

ነጩን ዋጥኩት።

መጋቢት 8

ታውቋል። ታውቋል። ታውቋል። ጧት፣ ቀትር፣ በጎቹ ሲገቡ። ዛሬ ግራና ቀኙን መለየት አቃተኝ። ገጹን ሳልከፍለው ጻፍኩ።

መጋቢት 9

ዛሬ ይሻላል። ላስብበት።

ዝም ብል፣ ሲስተር ሲና ከመሰከረችልኝ፣ ሁሉም ይቀርልኛል። የምንጩ ማሳም ጭምር።

ብናገር፣ ካመኑኝ ማሳው ይሄዳል። ከእርሻዬ ግማሹ እሱ ነው። ካላመኑኝ ደግሞ «ይኸው ለፈለፈች» ይላሉ፣ ሁሉም ይሄዳል።

ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ብያለሁ። አንድ ሐሙስ ዝም ማለት ያቅተኛል?

መጋቢት 11

በተቻለኝ ቅደም ተከተሉን ልጻፍ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ሕዝቡ ደጁን ሞልቶታል። ጽናት ከትዕዛዙ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። አቶ አፈወርቅ ጠየቁኝ። ቀኑ ስንት ነው? በጎችዎ ስንት ናቸው? ባለቤትዎ መቼ አረፉ? ሁሉንም መለስኩ። ሲስተር ሲና «መድኃኒቷን የምትወስድ ሴት ናት፣ ቤቷን ታስተዳድራለች» አለች። አንዱ ሽማግሌ እንኳ «ከእኔ ሚስት ትሻላለች» ብሎ አሳቃቸው። ደህና እየሄደ ነበር።

ከዚያ ትዕዛዙ ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። «እትዬን እወዳታለሁ፣ እግዜር ያውቃል። ግን ለራሷም ለጎረቤቷም አደጋ ናት። ቤቱን አቃጥላለሁ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቃል በቃል። ያኔ ወዳጆ ያስጠናኝ እሱ ፊት ነበር። ሌላ ውሸት መፈለግ እንኳ አልደከመም።

ሳቅኩ። አውቃለሁ፣ አልነበረብኝም። ሲስተር ሲና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኸው!» አለ ትዕዛዙ።

«እኔ አላልኩም» አልኩ። «ወለቴም አላለችም። ስለ ወለቴ ያን ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የምንጩ ማሳ የእሷ ነው። የእኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም።»

ደጁ ሁሉ ሳቀ። «የሞተ ሰው አስነሣች!» አለ አንዱ። ሞታለች ብለው ነው የሚያስቡት። ትዕዛዙ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ አመለከተ፣ ገበያ ላይ በግ እንደሚያሳይ ሰው። «አሁን ምን ምስክር ያስፈልጋል? ራሷ መሰከረችላችሁ እኮ!»

የጓዳው ሰውዬ ያን ጊዜ ምንም አላለም። ደነቀኝ።

አቶ አፈወርቅ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በሰማንያ ዘጠኝ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ያንን ቃል በእጄ ነው የጻፍኩት። ዛሬ ደግሞ ስሰማው...» አልጨረሱትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እርስዎ ማለቱን ትተው፣ «ወለተ ኢየሱስ በሕይወት መኖሯን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። አለማወቄ ከሁሉ የከፋው ነበር።

«ካለች በሳምንቱ ትምጣ። ከሌለች በቀረበው እንወስናለን።»

መጋቢት 16

ትናንት ሄድኩ። ተሾመች በቅሎዋን ይዛ «እኔም እመጣለሁ» አለች። ለምን? አልኳት። «አንቺ ለምን ለምን ስትይ መሽቶ ጅብ እንዳይበላሽ ነው!» ከዚያ ጓሳን እስክንሻገር አላነጋገረችኝም። ትዕዛዙን ያን ቀን በገበያ መንገድ ምን ልትለው ቆማ እንደነበር የነገረችኝ ስንመለስ ነው። «የሷን ዳር ድንበር አትግፋ» ነበር ያለችው።

ወለቴ አለች። ቢጫ ለብሳ ከጠበሉ ውኃ በጀሪካን ትቀዳለች፣ ለበሽተኞች። ከስታለች። ቀኝ አንጓዋ ላይ የሰንሰለቱ ቦታ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

«ማን ነሽ?»

«የትምወርቅ ነኝ። የወዳጆ ሚስት።»

«ወዳጆ ሞተ ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ አልሞትሽም?»

«አልሞትኩም።»

«ይሁን» አለችና ጀሪካኑን ከደነች።

እኔም ታምሜያለሁ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ታዲያ የት አሰሩሽ?» አላሰሩኝም፣ ኪኒን ይሰጡኛል አልኳት። «ኪኒን!» ብላ እስክታስል ሳቀች። «ለኔ ግንድ ነበር የሰጡኝ።»

ተንበረከክሁ። ቃሉን ነገርኳት፣ የዋሸሁትን። አንዳንዴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ለእኔ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ነው የምትመልሰው። ያንን አውቀዋለሁ።

«አውቃለሁ እኮ» አለች። «ያን ቀን ከቤቱ ኋላ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። የወደቀብኝን ያወቅኩት ካንቺ አፍ ነው።» ከዚያ፦ «አሁን የመጣሽው ለምንድን ነው? ለምስክር ነው ለምሕረት? ሁለቱን ባንድ ቀን አልችልም።»

«ለምስክር» አልኳት።

«እሱ ይቀላል። ምሕረቱን ለሌላ ጊዜ እናያለን።»

በበቅሎዋ ላይ ተቀመጠች። ልጓሙን ልይዝ ስል «አንቺ አትንኪው!» ብላ ጮኸች። ተሾመች ሳበች። እኔ ከኋላ ሄድኩ።

መጋቢት 18

ወለቴ ስትገባ ሕዝቡ ተነሣ። የሞተች መስሏቸው ተዝካር የበሉላት እኮ ናቸው።

የትዕዛዙ አፍ ግን አልታሰረም። «ጉድ እኮ ነው ጎበዝ! ሁለት እብድ ሲደመር አንድ ጤነኛ ይወጣዋል እንዴ?» ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወለቴ ዞር አለች። «አንተ ትዕዛዙ፣ ንፍጥህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጤነኛ ነበርኩ?» አሁን የባሰ ሳቁ። የተሣቀው በማን እንደሆነ ትዕዛዙ ወዲያው አወቀ።

አቶ አፈወርቅ የማሳውን ድንበር ጠየቋት። አሮጌው መዝገብ ፊታቸው ተዘርግቷል። «በላይ የድንጋዩ ካብ፣ በታች ምንጩ። በፀሐይ መውጫ የነሸዋረጋ እርሻ። በመግቢያዋ የበጎች መንገድ። መሐል ላይ የማይነቀል ጥቁር ድንጋይ አለ፣ በሬ ይሰብራል።» አንዱንም አልሳተችም። ሃያ ስምንት ዓመት ማሳውን በልቧ ስትዞረው ኖራለች።

ጻፉ። ላይኛውም ታችኛውም በስሟ ይሁን ብለው።

አንድ የኮሚቴ አባል «ለሷስ ሞግዚት አያስፈልጋትም?» አለ። አቶ አፈወርቅ ቀና ብለው አዩት። «ጠይቃለች?» አሉ። ሰውየው ተቀመጠ።

የእኔ ነገር አላለቀም። ትዕዛዙ የሐኪም ወረቀት ካመጣ እንደገና ይታያል። ጽናት ግን ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ብዕር ለመነች። ስሟ ላይ አሰመረች፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ወደ እኔ አልመጣችም። በሩ ላይ ስደርስ ግን «መርፌው መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ፣ ሌላ ነገር እያየች።

ሚያዝያ 14

ትንሣኤ አለፈ። ጽናት መጥታ ሁለት ቀን ሰነበተች። ኪኒኔን አልቆጠረችም። ወይስ ቆጥራለች፣ ሳላይ? ... ብትቆጥርስ።

ወለቴ እኔ ቤት አልገባም አለች። ተሾመች ዘንድ ናት። መርፌውን ሲስተር ሲና ብትነግራት «ላስብበት» ብላታለች። አንዳንድ ቀን ትጮሃለች። አንዳንድ ቀን ማሳው ዳር ተቀምጣ ትውላለች። ሳልፍ ሰላም እላታለሁ። አትመልስም።

አንድ ልብ ያላልኩት ነገር፦ መንደሩ አሁን «ሁለቱ እብዶች» ነው የሚለን። በፊት ለየብቻችን ነበርን።

ግንቦት 21

የገብሱ ቡቃያ አምሯል። የምንጩ ማሳ የነሸዋረጋ ልጅ ምርቱን ሊካፈሉ በእኩል አርሶላታል። የእኔ የቀረው የዳገቱ ነው፣ ድንጋያማው። ጣራዬን ተሾመች ኋላ በሰጠችኝ ሣር ከደንኩት፣ ለአንድ ጎኑ ብቻ በቃ። የጓዳው ሰውዬ አልሄደም። ቃሉን ግን ቀይሯል፣ አሁን የሚለው አይገባኝም።

ረፋዱ ላይ ወለቴ ደጄ ላይ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ። አዲሱን የመሬት ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች፣ ፍርድ ቤቱ አጽድቆት ትናንት ነው የተሰጣት። ወለቴ ፊደል አታውቅም።

«አንብቢልኝ» አለች።

ግቢ አልኳት። አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆመን አነበብኩላት። ስሟን። የአባቷን ስም። የማሳውን ስፋት። በላይ፣ በታች፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ከንፈሬን ታያለች፣ ወረቀቱን ታያለች፣ እንደገና ከንፈሬን።

«አባ መርስዔ ኃዘን ጋ ወስጄ አስነብበዋለሁ» አለች። «አንቺን አላምንሽም።»

«ልክ ነሽ» አልኳት። ለማለት ያህል አይደለም፣ ልክ ናት።

ሄደች። ፌስታሉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ሥራ አልያዘኝም። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያነበብኩት ትክክል ነበር፣ አውቃለሁ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ቢሆንም... አንድ ቃል ዘልዬ ቢሆንስ?

ስትመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አልፋኝ ልትሄድ ስትል ቆም አለች።

«ዛሬ አልዋሸሽም» አለችኝ።

«አልዋሸሁም።»

«ነገ ደግሞ የማሳውን ካርታ ይዤ እመጣለሁ። እሱንም አንብበሽልኝ ቄሱ ጋ እወስደዋለሁ።»

«ውሰጂው» አልኳት።